የአንዲት ጭረት ታሪክ

የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል። ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ (አሁን ሰርቨር ላይ ነው የሚሰራው) በቴሌግራም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ እነዚህ ኮማንዶች ግን ሕግ የላቸውም እንዴ? አንዱ አንድ ጭረት ይፈልጋል፣ አንዱ ሁለት ጭረት፣ አንዱ ጭራሽ ምንም። ዊንዶውስ ላይ ስትሄድ ደግሞ ስላሽ ነው። ማን ነው እንዲህ ያመሳቀለው?» ጥያቄው ደስ አለኝ። ምክንያቱም መልሱ ያለው አይሲቲ መጽሐፍ ውስጥ ሳይሆን ታሪክ ውስጥ ነው። ያመሳቀሉት ሰዎች ስም አላቸው፣ ዓመት አላቸው፣ አብዛኞቹም በጣም ጎበዝ ሰዎች ነበሩ።

ሁለት ነገር ላስቀድም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የኮማንዶቹን ስም ደግሞ ለንባብ እንዲመች በራሳችን ፊደል ነው የምጽፈው፤ ኮምፒውተር ላይ ስትሞክሩ በእንግሊዝኛው ፊደል መልሷቸው።

«ኮማንድ ላይን አላውቅም» የሚል ካለ ያውቃል፣ ስሙን ነው የማያውቀው። የሞባይል ካርድ ስትሞሉ *805* ብላችሁ የካርዱን ቁጥር ትጽፉና በ# ትዘጋላችሁ። ለሰው ሒሳብ ስታስተላልፉ ደግሞ *806* ብላችሁ የተቀባዩን ስልክ፣ ከዚያ ኮከብ፣ ከዚያ የብሩን መጠን፣ ከዚያ #። በቃ፣ ኮማንድ ላይን ማለት ይሄ ነው። 806 ኮማንዱ ነው፤ ስልክ ቁጥሩና ብሩ አርጉመንቶቹ ናቸው። ሲስተሙ የትኛው ስልክ፣ የትኛው ብር እንደሆነ የሚያውቀው በቦታቸው ብቻ ነው። ቀድሞ የመጣው ስልክ ነው፣ ቀጥሎ የመጣው ብር። ይህን የቦታ አርጉመንት እንበለው። አያቶቻችን ሳይቀሩ ሲጠቀሙበት ይውላሉ።

ሌላው መንገድ ምልክት መለጠፍ ነው። ካፌ ገብታችሁ «ማኪያቶ» ብቻ ካላችሁ አስተናጋጇ የተለመደውን ታመጣለች። «ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ፣ በትልቁ» ብትሉም «በትልቁ፣ ጠቆር ያለ ማኪያቶ» ብትሉም የሚመጣው አንድ ነው። «ጠቆር ያለ» የሚለው ቃል ራሱ ምን እንደሆነ ስለሚናገር የትም ቢቀመጥ ችግር የለውም፤ ባይኖርም ማኪያቶው ይመጣል። ይሄኛው አማራጭ ወይም ኦፕሽን ነው።

የአማርኛ መምህራን ጓደኞቼ ይቅር ይበሉኝና፣ ይህን ልዩነት የእኛ ቋንቋ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። «ውሻው ድመቷን አባረራት» እና «ድመቷን ውሻው አባረራት» ትርጉማቸው አንድ ነው። ለምን? «ን» የምትባል ትንሽ ምልክት ድመቷ ላይ ተለጥፋ ተባራሪዋ እሷ እንደሆነች ስለምትናገር። እንግሊዝኛ እንዲህ ዓይነት ምልክት የለውም፤ ሁለቱን ስሞች ካቀያየራችኋቸው ድመቷ አባራሪ ሆና ቁጭ ትላለች። እንግሊዝኛ ለአድራጊና ለተደራጊ የሚጠቀመው ቦታን ነው፣ እኛ ምልክትን። ስማችን ላይ ስንመጣ ግን እኛም በቦታ ነው የምንሰራው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ውጭ አገር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የፈረንጅ ፎርም የመጨረሻውን ቦታ የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚያነበው ሰውዬው በአያቱ ስም ሲጠራ ይኖራል። ቦታ ዝም ያለ ነገር ነው። ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው ካልተስማሙበት ማንም ሳይዋሽ ስህተት ይፈጠራል።

አሁን ወደ ታሪኩ።

አይቢኤም ሲስተም 360 የተባለውን የኮምፒውተር ቤተሰብ ያስተዋወቀው ሚያዝያ 7 ቀን 1964 ነው (ሚያዝያ ያልኩት የፈረንጆቹን ኤፕሪል ነው)። ያኔ ሰው ከኮምፒውተር ጋር ፊት ለፊት አይነጋገርም። ፕሮግራሙን 80 ዓምድ ባለው ካርቶን ላይ በስቶ፣ ካርዶቹን አስሮ፣ በመስኮት ለሰራተኛ ሰጥቶ ይሄድና ውጤቱን ከሰዓታት በኋላ መጥቶ ይወስዳል። ለማሽኑ «ይህን ስራ፣ በዚህ ፋይል፣ ለዚህ ሰው» የሚለው ካርድ የሚጻፍበት ቋንቋ ጄሲኤል ይባላል። ሁለት ዓይነት አርጉመንት ነበረው፤ በቦታ የሚታወቅና በቁልፍ ቃል የሚታወቅ። በቦታ የሚታወቁት መጀመሪያ መምጣት አለባቸው። ለምሳሌ የስራ ካርዱ ላይ መጀመሪያ የሒሳብ መለያው፣ ቀጥሎ የፕሮግራመሩ ስም። የመጀመሪያውን መተው ከፈለጋችሁ ቦታውን በኮማ ትይዙለታላችሁ፣ ልክ ወረፋ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ እንደመሄድ። ከዚያ በኋላ ያሉት በእኩል ይሆናል ምልክት ይጻፋሉ፦ ቁልፍ ቃሉ በግራ፣ ዋጋው በቀኝ።

አስቡት፤ አንድ ኮማ ረስታችሁ ከሰዓታት በኋላ መጥታችሁ «አልሰራም» የሚል ወረቀት መቀበል። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ስራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ ራሱ ከዓመታት በኋላ ጄሲኤልን የሰው ልጅ ከነደፋቸው የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ሁሉ የከፋው ነው ብሎታል፣ ያውም በእኔ አመራር ስር የተሰራ እያለ። ሰውዬውን የምወደው ለዚህ ነው። እኔ ግን ትንሽ ልከራከርለት፤ ጄሲኤል አስቀያሚ ቢሆንም «በቦታ» እና «በስም» የሚለውን ክፍፍል በግልጽ አስቀምጦታል። ዛሬ ፓይተን የምትማሩ ልጆች ፋንክሽን ስትጠሩ የምትጠቀሙበት ክፍፍል ይኸው ነው።

በዚያው ዘመን ኤምአይቲ ውስጥ ሌላ ዓለም እየተፈጠረ ነበር። ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በአንድ ኮምፒውተር ላይ በየራሱ ታይፕራይተር እንዲሰራ የሚያደርግ ሲቲኤስኤስ የተባለ ሲስተም በ1961 አሳዩ። አሁን ሰው ይጽፋል፣ ማሽኑ ይመልሳል። ሉዊ ፑዛን የተባለ ፈረንሳዊ እዚያ ሲሰራ ብዙ ኮማንዶችን ከፋይል እያነበበ በተራ የሚያስኬድ ራንኮም የሚባል ፕሮግራም ጻፈ። «ሼል» የሚለውን ስምም ያወጣው እሱ ነው። ሊኑክስ ላይ ባሽአርሲ የሚባለውን ፋይል ከፍታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? መጨረሻ ላይ ያለው «አርሲ» ከዚያ ከራንኮም የመጣ ነው። ስልሳ ዓመት ያለፈው ፊደል በየቀኑ ትነካላችሁ።

ከሲቲኤስኤስ ቀጥሎ መልቲክስ መጣ፤ ኤምአይቲ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና ቤል ላብስ በአንድነት የጀመሩት ግዙፍ ፕሮጀክት። ጭረታችንን እዚህ እናገኛታለን። መልቲክስ ላይ የኮማንዱን ጠባይ የሚቀይር ቃል «የመቆጣጠሪያ አርጉመንት» ይባል ነበር፣ ከሌላው የሚለየውም ፊቱ ላይ ጭረት ስላለ ነው። ሙሉ ቃል ነበር፦ -ብሪፍ፣ -ሎንግ፣ -ኦል። ለቸኮለ ሰው ደግሞ -ቢኤፍ፣ -ኤልጂ የሚሉ አጭር ቅርጾች ነበሩት። ልብ በሉ፣ ዛሬ ዘመናዊ የሚመስለን ረጅሙም አጭሩም ቅርጽ ሁለቱም ያኔ ነበሩ። የአይቢኤሙ ሲኤምኤስ የተባለው ሲስተም በበኩሉ ኦፕሽኖቹን ከቅንፍ በኋላ ያስቀምጥ ነበር፤ ቅንፉን ትከፍታላችሁ፣ መዝጋቱ ግን ግዴታ አይደለም። (የሒሳብ መምህራን እዚህ ጋ ቢናደዱ አይፈረድባቸውም።)

ቤል ላብስ በ1969 ከመልቲክስ ወጣ። እዚያ ሲሰሩ ከነበሩት መካከል ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በዚያው ዓመት ፒዲፒ 7 በተባለች አነስተኛ ማሽን ላይ የራሳቸውን ትንሽ ሲስተም ጀመሩ፤ ዩኒክስ። ከመልቲክስ ብዙ ነገር ጥለው ጭረቷን ይዘው መጡ። ቃሉን ግን ቆረጡት። አንድ ፊደል ብቻ!

ለምን እንደሆነ ለመረዳት በምን ይጽፉ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በአብዛኛው የሚጽፉት ስክሪን ላይ አልነበረም። ቴሌታይፕ ሞዴል 33 የተባለ፣ ወረቀት ላይ እየደበደበ የሚጽፍ ማሽን ነበር፤ በሰከንድ 10 ፊደል። ቁልፎቹ ከባድ ናቸው፣ ጣት ያደክማሉ። በሰከንድ 10 ፊደል ማለት ሃያ ፊደል ያለው ኮማንድ መልሶ ሲጽፍላችሁ ሁለት ሰከንድ ትጠብቃላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ «ኮፒ» ሲፒ ሆነ፣ «ሙቭ» ኤምቪ፣ «ሪሙቭ» አርኤም፣ «ሊስት» ኤልኤስ። ቁጠባው እስከምን እንደደረሰ ልንገራችሁ፤ ፋይል የሚፈጥረው የሲስተሙ ጥሪ ስሙ «ክሪኤት» ሆኖ በእንግሊዝኛ መጨረሻው ላይ ያለችው ኢ ተቆርጣለች። ቶምፕሰን ዩኒክስን እንደገና ብትሰራው ምን ትቀይራለህ ሲባል ያቺን ኢ እመልሳታለሁ ብሏል።

የመጀመሪያው የዩኒክስ ማንዋል ኅዳር 3 ቀን 1971 (በእነሱ ኖቬምበር) ወጣ። ኤልኤስ እዚያ ውስጥ አለ፣ አምስት ኦፕሽን ይዞ፦ ኤል፣ ቲ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ። ዝርዝር አሳይ፣ በሰዓት ደርድር፣ ሁሉንም አሳይ፣ መጠን አሳይ፣ ፎልደሩን ራሱን አሳይ። ዛሬም ሊኑክስ ላይ ኤልኤስ -ኤልቲ ብትሉ ይሰራል። የሃምሳ ዓመት ሰው ሆኗል። ያን ጊዜ አምስት የነበረው ኦፕሽን ግን አሁን ከሃምሳ በላይ ነው፤ የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ብቻ ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም ተጠቅመው ጨርሰዋል ማለት ይቻላል።

አሁን የተማሪዬ ጥያቄ ልብ ላይ ደርሰናል። ማን አመሳቀለው? ዩኒክስ ራሱ፣ ሆን ብሎ። ኮማንድ ስትጽፉ ሼሉ የሚያደርገው መስመሩን በቃላት ከፋፍሎ የቃላቱን ዝርዝር ለፕሮግራሙ ማስረከብ ነው። በሲ ቋንቋ የሰራችሁ «አርግሲ» እና «አርግቪ» የሚሉትን ታስታውሳላችሁ፤ የቃላቱ ብዛትና ዝርዝሩ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጭረት ምን እንደሆነ አያውቅም! ለእሱ «-ኤል» ማለትና «ደብዳቤ» ማለት ሁለቱም ተራ ቃል ናቸው። ጭረት ያለው ቃል ኦፕሽን ነው የሚለው ስምምነት እንጂ ሕግ አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮግራመር በራሱ ቤት የራሱን ሕግ ያወጣል። የዴክ ኩባንያ ቪኤምኤስ የተባለው ሲስተም በተቃራኒው የኮማንዶቹን ቅርጽ በማዕከል በሰንጠረዥ መዝግቦ የሚያርመው ሼሉ ራሱ ነበር፤ ሥርዓት ነበረው። ዛሬ ግን ሰርቨራችን ላይ ያለው ዩኒክስ ነው፣ ቪኤምኤስ አይደለም። ሥርዓት ያለው ሁሉ አያሸንፍም ማለት ነው።

ነጻነቱ ምን እንዳመጣ እዩት። ዲዲ የሚባለው ኮማንድ (ፍላሽ ላይ ሊኑክስ ስትጭኑ የምትጠቀሙበት) ጭረት አያውቅም፤ «አይኤፍ እኩል ይሆናል ይህ ፋይል፣ ኦኤፍ እኩል ይሆናል ያ» ነው የሚባለው። ስሙም አጻጻፉም የተወሰደው ከላይ ካየነው ከአይቢኤም ካርድ ነው፤ አጻጻፉ በጄሲኤል ለመቀለድ የተደረገ ነው የሚሉም አሉ። ቀልዱ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ እኛ ገና እየተቀለደብን ነው። ታር የሚባለው በ1979 በሰባተኛው ዩኒክስ ሲመጣ ፊደሎቹን ያለ ጭረት ነበር የሚቀበለው፤ ስለዚህ ነው ዛሬም ብዙ ሰው «ታር ሲቪኤፍ» ብሎ ጭረት የማያደርገው። ፋይንድ ደግሞ በአንድ ጭረት ሙሉ ቃል ይጽፋል፣ -ኔም። በሌሎቹ ኮማንዶች ልማድ ብናነበው አራት የተለያዩ ኦፕሽኖች ተደርድረው ነው የሚሆነው። ፒኤስ የባሰበት ነው፤ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩኒክስ ያለ ጭረት፣ የኤቲኤንድቲው በጭረት ይጽፉት ነበርና የዛሬው ሊኑክስ ሁለቱንም ለማስደሰት ሁለቱንም ይቀበላል፣ የሚያሳየው ግን የተለያየ ነው።

የቦታ አርጉመንቱም ቢሆን ሰላም የለውም። ሲፒ መጀመሪያ ምንጩን ከዚያ መድረሻውን ይፈልጋል። በዚያው ቤት የተወለደው ሲ ቋንቋ ውስጥ ጽሑፍ የሚገለብጠው ስትርሲፒዋይ ግን መጀመሪያ መድረሻውን ነው የሚፈልገው። አንድ ቤት፣ አንድ ዘመን፣ ሁለት ተቃራኒ ቅደም ተከተል! ተማሪዎች ሲምታታባቸው «አልገባኝም» ብለው ራሳቸውን ሲወቅሱ ስሰማ የማዝነው ለዚህ ነው። መምታታቱ የራሱ የነገሩ ነው።

ወደ ዊንዶውስ ስላሽ እንምጣ። በሰዋስው እዝባር የምንላት ናት። የዴክ ማሽኖች ኦፕሽንን የሚያመለክቱት በእዝባር ነበር። ጋሪ ኪልዶል ሲፒኤም የተባለውን የትናንሽ ኮምፒውተሮች ሲስተም ሲሰራ ብዙ ልማድ የወሰደው ከዴክ ነው። ፋይል የሚገለብጠውን ፕሮግራም ሳይቀር ፒአይፒ የሚል የዴክ ስም ሰጠው፤ እሱም መጀመሪያ መድረሻ፣ ከዚያ እኩል ይሆናል፣ ከዚያ ምንጭ ነበር የሚጻፈው። ዶስ በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር ሲመጣ የኮፒውን ቅደም ተከተል ገለበጠው፣ እዝባሯን ግን ለኦፕሽን ያዛት። የመጀመሪያው ዶስ ፎልደር በፎልደር ውስጥ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ስለዚህ ችግር የለም። በ1983 ዶስ 2 ፎልደሮችን ከዩኒክስ ሲወስድ ነው ጣጣው የመጣው። ዩኒክስ ፎልደሮችን የሚለየው በእዝባር ነው፣ ዶስ ላይ ግን እዝባር ተይዛለች። ምን ይደረግ? ወደ ኋላ የተጋደመችው ተመረጠች። ዊንዶውስ ላይ የፋይል አድራሻ በተገለበጠ ስላሽ የሚጻፈው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ዶስ 2 ላይ የኦፕሽኑን ምልክት ከእዝባር ወደ ጭረት መቀየር የሚያስችል «ስዊችቻር» የሚባል ማስተካከያ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከማስተካከያው ፋይል አወጡት። ያኔ ያቺ ቅንብር ቀርታ ቢሆንና ሁሉም ጭረትን ቢለምድ ኖሮ ተማሪዬ አንዱን ጥያቄ አይጠይቀኝም ነበር።

ዩኒክስ ቤት የተጀመረው ሥርዓት የማስያዝ ሙከራ በ1980 አካባቢ ጌትኦፕት የተባለች ትንሽ ፋንክሽን ናት። ሐሳቧ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራመር ጭረትን በራሱ እጅ ከሚፈታ አንድ ላይ እንፍታው። የምትቀበላቸውን ፊደሎች ትደረድራላችሁ፣ ከኋላው ዋጋ የሚፈልግ ፊደል ካለ ሁለት ነጥብ (የፈረንጁን) ታስከትላላችሁ። በቃ። ኤቲኤንድቲ ይህችን ኮድ በ1985 ዳላስ በተደረገ የዩኒክስ ጉባኤ ላይ ማንም እንዲጠቀምባት በነጻ ለቀቃት። ሌላውን ሁሉ በፈቃድና በገንዘብ የሚሸጥ ድርጅት ይህችን በነጻ መልቀቁ የሚገርም ነው፤ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ካልተጠቀመ ጥቅም እንደሌላት ገብቷቸዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1984 ሄመንዌይና አርሚቴጅ የተባሉ ባለሙያዎች ለኮማንዶች አጻጻፍ ደንብ ይውጣ ብለው ሐሳብ አቅርበው ነበር። ያ ሐሳብ እያደገ ሄዶ በ1992 ፖዚክስ በተባለው ስታንዳርድ ውስጥ ገባ። ዛሬ 14 መመሪያዎች አሉት። ኦፕሽኖች ከቦታ አርጉመንቶች ይቅደሙ ይላል፤ ብቻዋን የቆመች ጭረት ከኪቦርድ ወይም ከቧንቧ የሚመጣውን ግቤት ትወክል ይላል፤ ብቻቸውን የቆሙ ሁለት ጭረቶች ደግሞ «ኦፕሽን እዚህ ጋ አበቃ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ጭረት ቢኖረውም ተራ ስም ነው» ማለት ይሁኑ ይላል። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

የሪቻርድ ስቶልማን ጂኤንዩ ፕሮጀክት ደግሞ የተቆረጠውን ቃል መለሰው። ስክሪን መጥቷል፣ ቴሌታይፕ ሙዚየም ገብቷል፣ ፊደል መቆጠብ ትርጉም አጥቷል። ረጅም ስም ለመጻፍ መጀመሪያ የመደመር ምልክት ነበር የተጠቀሙት። ኋላ ከፖዚክስ ጋር ሲጋጭባቸው ወደ ሁለት ጭረት ቀየሩት። ጂኤንዩ ሌላም ድፍረት ጨመረ፤ ኦፕሽኑን ከፋይሉ ስም በኋላም ብትጽፉት ለቅሞ ያወጣዋል። ልክ «ማኪያቶ… ውይ፣ ጠቆር ያለ ይሁንልኝ» እንደማለት። ፓይተን በ2003 ኦፕትፓርስን፣ በ2010 አርግፓርስን ይዞ ሲመጣ ይህን ሁሉ ውርስ ነው የተረከበው። አርግፓርስ የእርዳታ ገጹ ላይ ሁለት ርዕስ ነበረው፦ «የቦታ አርጉመንቶች» እና «አማራጭ አርጉመንቶች»። ግን ጭረት ያለው አርጉመንት ግዴታ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ግዴታ የሆነ አማራጭ! ከ10 ዓመት በላይ ከተጨቃጨቁበት በኋላ በ2021 በወጣው ፓይተን 3.10 ርዕሱን «ኦፕሽኖች» ብለው ቀየሩት። እንደ እኔ ችግሩን ስም ቀይረው ሸፈኑት እንጂ አልፈቱትም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጣት የሚያደክም ጉዳይ ነው የሚመስለው። አይደለም። ጭረቷ በር ከፍታ ታውቃለች።

ሼሉ ኮከብ ሲያይ ኮከቧን በፎልደሩ ውስጥ ባሉት ፋይሎች ስም ይተካና ነው ለፕሮግራሙ የሚሰጠው። እስቲ አንድ ሰው ስሟ «-አርኤፍ» የሆነ ፋይል ፎልደራችሁ ውስጥ ቢያስቀምጥ ብላችሁ አስቡ። አርኤም ኮከብ ትላላችሁ፣ ፋይሎቹን ብቻ ሊያጠፋላችሁ። ሼሉ ስሞቹን ይደረድራል፤ አርኤም «-አርኤፍ»ን ሲያይ የፋይል ስም መሆኗን የሚያውቅበት ምንም መንገድ የለውም። ኦፕሽን ናት ብሎ ይቀበላታል፣ ንዑስ ፎልደሮቹን ሁሉ ሳይጠይቅ ጠራርጎ ያጠፋል። የሚያስቀው፣ ያቺ ፋይል ራሷ አትጠፋም። እንደ ትእዛዝ ስለተነበበች ከተራዋ ወጥታለች።

በ1994 ደግሞ ይኸው ነገር በኔትወርክ መጣ። ከሩቅ ወደ ሌላ ኮምፒውተር የምትገቡበት አርሎግኢን የሚባል ፕሮግራም ነበር። የተጠቃሚ ስማችሁን ይቀበልና እዚያኛው ማሽን ላይ ሎግኢን ለሚባለው ፕሮግራም አርጉመንት አድርጎ ያሳልፈዋል። ሎግኢን -ኤፍ የሚባል ኦፕሽን አለው፤ «ይህ ሰው ተረጋግጧል፣ ፓስወርድ አትጠይቀው» ማለት ነው። ታዲያ ስሜ «-ኤፍሩት» ነው የሚል ሰው ቢመጣስ? ሩት የማሽኑ ጌታ ናት። አይቢኤም ኤአይኤክስና ሊኑክስ ላይ ያለ ፓስወርድ ይገባ ነበር። ማስጠንቀቂያ ወጣ፣ ተደፈነ። በየካቲት (ፌብሩዋሪ) 2007 የሰን ኩባንያ ሶላሪስ 10 ላይ በቴልኔት በኩል ያው ስህተት፣ ያው ጭረት፣ ያው -ኤፍሩት ተገኘ። ከ13 ዓመት በኋላ! ሁለቱ ጭረቶች ከስሙ በፊት ቢቀመጡ ኖሮ ስሙ ስም ሆኖ በቀረ ነበር።

የመጨረሻዋ ከሁሉም ትገርመኛለች። ጥር (ጃንዋሪ) 25 ቀን 2022 ኳሊስ የተባለ የሴኪዩሪቲ ድርጅት ፒኬኤግዜክ በሚባል ኮማንድ ላይ ቀዳዳ ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ ላይ ሳይቀር የሚገኝ ኮማንድ ነው። ቀዳዳው ፕሮግራሙ በግንቦት (ሜይ) 2009 ከተጻፈ ጀምሮ ያለ ነው። ምን መሰላችሁ? ለፕሮግራሙ በሚሰጠው የቃላት ዝርዝር ውስጥ ዜሮኛው ቦታ የራሱ የፕሮግራሙ ስም ነው፤ እውነተኛው አርጉመንት ከአንደኛው ይጀምራል። ይህ ከዩኒክስ ልጅነት ጀምሮ የቆየ ልማድ ስለሆነ ፕሮግራሙ ያለ ጥርጣሬ ከአንድ ጀምሮ ያነባል። ግን ልማድ ነው አልን፣ ሕግ አይደለም። አንድ ሰው ሆን ብሎ ዝርዝሩን ባዶ አድርጎ፣ የፕሮግራሙን ስም እንኳ ሳያስገባ ቢጠራውስ? ፕሮግራሙ አንደኛውን ሲያነብ ከዝርዝሩ አልፎ ጎረቤት ይገባል። ጎረቤቱ የሲስተሙ መቼት የሚቀመጥባቸው ተለዋዋጮች ናቸው። እዚያ ያነባል ብቻ ሳይሆን መልሶ ይጽፋል፤ በዚያም ተራ ተጠቃሚ የማሽኑ ጌታ ይሆናል። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሲስተም ባዶ ዝርዝር ይዞ የመጣን ጥሪ ቀድሞውኑ እምቢ ስለሚል ይህ አልነካውም። ሊኑክስ ከዚያ በኋላ በከርነል 5.18 ላይ ባዶ ዝርዝር ለሚመጣ ፕሮግራም ራሱ አንድ ባዶ ቃል ዜሮኛው ቦታ ላይ እንዲያስቀምጥለት ተደርጓል። የጄሲኤሏ ቦታ ያዥ ኮማ በሌላ መልክ ተመለሰች ልበል?

በሉ ሊኑክስ ያላችሁ የቤት ስራ ልስጣችሁ። አዲስ ባዶ ፎልደር ክፈቱ (ባዶ ይሁን፣ አደራ!) እና ስሟ «-አርኤፍ» የሆነ ፋይል በተች ኮማንድ ፍጠሩ። ዝም ብላችሁ «ተች -አርኤፍ» ካላችሁ «ኤፍ የሚባል ፋይል አጣሁ» ብሎ ይመልሳችኋል። ለምን እንደዚያ እንዳለና እንዴት እንደፈጠራችኋት፣ ከዚያም እንዴት እንዳጠፋችኋት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ጎግል ሳታደርጉ ከመለሳችሁ ቡና በእኔ ነው፤ ማኪያቶ ከሆነ ኦፕሽኑን አብራችሁ ጻፉ።